ሰም ማቅለጫ ከባዶ ጣሳ
ደብዳቤውን በሰም አሽጎ ለመላክ ለሚፈልግ ሁሉ የተዘጋጀ አሠራርና ምክር

ደብዳቤ የሰው ልጅ ካገኛቸው መልእክተኞች ሁሉ ታማኙ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተነገረውን አይጨምርም፤ አይቀንስም፤ መንገድ ላይም አይረሳም። ነገር ግን ይህ ታማኝ መልእክተኛ አንድ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም ማንም ከፍቶ ቢጠይቀው ያለውን ሁሉ ዘርግፎ መናገሩ ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለቃል የተባለ ቢሆንም፣ ሳይታሸግ ከእጅ ለወጣ ደብዳቤም በትክክል ያገለግላል።

ውድ አንባብያን፣ ስልክ በየኪሱ ባለበት በዛሬው ጊዜ ስለ ደብዳቤ ማሸጊያ ሰም መጻፍ ያረጀ ነገር መቀስቀስ የሚመስላቸው ሰዎች እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ሆኖም ጋዜጣ ገልጠን የጨረታ ማስታወቂያ ብናነብ «በሰም በታሸገ ፖስታ» የሚል ቃል ደጋግመን እናገኛለን። ተጫራቹ ያቀረበው ዋጋ ከመክፈቻው ሰዓት በፊት እንዳይታይ ዛሬም የሚታመነው ምስክር ያ የሰም ጠብታ ነው ማለት ነው። የሠርግ መጥሪያቸውን በሰም የሚያትሙ ሙሽሮችም አሉ።

እኔን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ጨረታም ሠርግም አይደለም። በማስተምርበት ከተማ ልጆቻቸው ለሥራ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድና ወደ ዱባይ የሄዱባቸው እናቶች ብዙ ናቸው። በስልክ ድምፅ ይሰማማሉ፤ ነገር ግን በስልክ የማይነገር ነገር አለ። የበሽታ ነገር፣ የገንዘብ ነገር፣ የጋብቻ ነገር፣ አሠሪ አጠገብ ቆሞ እየሰማ ሊወራ የማይቻል ነገር ሲሆን፣ እናት ተማሪ ጠርታ ታጽፋለች። ደብዳቤውም ወደዚያ አገር በሚሄድ ሰው እጅ ይላካል። ከዚያ ሰው ወደ ሌላው፣ ከሌላውም ወደ ሦስተኛው እየተላለፈ ነው ልጅቱ ዘንድ የሚደርሰው። ፖስታውን የዘጋው ሙጫ ደግሞ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ተላቆ ምልክት ሳይተው ሊመለስ ይችላል። ይህን ጉዳይ የጸሐፊነት ሥራ የሚሠሩት ተማሪዎቼ ራሳቸው አነሡት፤ መፍትሔውንም በሳይንስ ክበባችን ሠራነው። ከዚህ በታች የምገልጸው ያንኑ ነው።

ማኅተም በአገራችን፣ ሰም በባሕር ማዶ

ማኅተም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የነገሥታቱ ደብዳቤዎች ማኅተም የሚያርፍባቸው በራስጌያቸው ላይ ነበር፤ የሚታተመውም በቀለም እንጂ በሰም አልነበረም። መልእክተኛውም ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ለሁሉ እየታየ ይጓዝ ነበር። ያ የቀለም ማኅተም የላኪውን ማንነት ያስረዳል፤ መንገድ ላይ ደብዳቤው መከፈቱን ግን አያስረዳም።

የደብዳቤ ነገር ቀላል እንዳይደለ ከታሪካችን አንድ ምሳሌ ብቻ እንጥቀስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ መልስ ግን ሳይሰጠው ተቀመጠ። ከዚያም ቅሬታ መጣ፤ የእንግሊዙ ቆንስል ታሰረ፤ መጨረሻውም በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነው ሆነ። መንስኤው ይህ ብቻ ነበር ባይባልም፣ አንድ ወረቀት መልስ በማጣቱ ምን ያህል ነገር እንደሚከተል ከዚህ ይታያል።

የአገራችን ፖስታ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ ወዲህ በሙጫ የሚዘጋው ፖስታ እየተለመደ መጣ።

በአውሮፓ የነበረው ልማድ ከዚህ የተለየ ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1840 እ.ኤ.አ. የአንድ ፔኒ ቴምብር እስኪወጣ ድረስ የፖስታ ዋጋ የሚተመነው በመንገዱ ርቀትና በወረቀቱ ቁጥር ነበር። ደብዳቤን በሌላ ወረቀት መሸፈን እንደ ሁለተኛ ወረቀት ተቈጥሮ ዋጋውን ስለሚያንር፣ ሰው ሁሉ የጻፈበትን ያንኑ ወረቀት አጣጥፎ መጋጠሚያውን በሰም ያትም ነበር። የእስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ በ1587 እ.ኤ.አ. ልትሰየፍ ሰዓታት ሲቀሩዋት ለፈረንሳይ ንጉሥ የጻፈችውን የመጨረሻ ደብዳቤ፣ ከዚያው ከወረቀቱ ጠርዝ ቀጭን ጥብጣብ ቆርጣ፣ በቀዳዳ እየወጋች በመስፋት ነበር የዘጋችው። ጥብጣቡ ሳይበጠስ ደብዳቤው አይከፈትም።

የዚህ ዓይነቱ አስተሻሸግ ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ በዘመናችን ታይቷል። በሆላንድ አገር በሄግ ከተማ ይኖር የነበረ ብሪየን የተባለ የፖስታ ሹም በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያከማቸው አንድ ሣጥን ተገኝቶ፣ በውስጡ ተቀባይ ያጡ 2600 ያህል ደብዳቤዎች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 600 ያህሉ እንደ ታሸጉ የቀሩ ናቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. ሊቃውንት ከእነዚሁ መካከል አንዱን፣ በ1697 እ.ኤ.አ. የተጻፈውን፣ ማኅተሙን ሳይነኩ በኤክስሬይ መሣሪያ አይተው አነበቡት። ከ300 ዓመት በላይ ተዘግቶ የቆየ ቃል ማለት ነው!

ስለ ሰሙ ጥቂት እንበል

በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ማኅተም ይሠራ የነበረው ከንብ ሰም ነበር፤ ሁለት እጁ ሰም፣ አንድ እጁ የዛፍ ሙጫ ሆኖ ይቀላቀላል። ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው ከሜርኩሪ የሚገኝ ማዕድን ነበር፤ ይህ መርዝ ስለ ሆነ ዛሬ ማንም ሊጠቀምበት አይገባም። ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ግን ከሕንድ የሚመጣ ላክ የሚባል ሙጫ ገባ። ላክ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያመነጩት ነው። በዚህ የተሠራው ማሸጊያ ከንብ ሰም ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ሲሰበርም እንደ ብርጭቆ ቅርፍ ብሎ ይሰበራል። ማኅተሙ ተነክቶ እንደሆነ በግልጽ የሚያሳየው ይህ ጠባዩ ነው። ስሙ ሰም ቢባልም ዋናው ሙጫ ነው እንጂ ሰም አይደለም።

ማቅለጫ ለምን አስፈለገ?

ብዙ ሰው የሚያደርገው የሰሙን ዘንግ በክብሪት ወይም በሻማ ነበልባል ላይ ይዞ ወረቀቱ ላይ ማንጠባጠብ ነው። ይህ ሦስት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ሰሙ ጥላሸት ይይዝና ቀዩ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ሁለተኛ፣ አንዱ ጠብታ ሳይወርድ ሌላው ስለሚረጋ ማኅተሙ ያልተስተካከለ ይሆናል። ሦስተኛው የባሰው ነው፤ የሚነድ ሰም ወረቀት ላይ ወይም ጣት ላይ ይወድቃል።

ጥላሸቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለሥራችን ይጠቅማል። የሻማ ነበልባል ብጫ ሆኖ የሚያበራው በውስጡ የጋሉ የከሰል ብናኞች ስላሉበት ነው። ቀዝቃዛ ብረት ብጫው ክፍል ውስጥ ቢገባ ብናኞቹ ሳይነዱ ብረቱ ላይ ይለጠፋሉ። ብረቱ ከነበልባሉ ጫፍ በላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ካለ ግን ሙቀቱ ብቻ ይደርሰዋል። እንግዲህ የማቅለጫው ሥራ ሌላ አይደለም፤ ማንኪያውን ከነበልባሉ በላይ በልኩ ከፍታ አጽንቶ መያዝ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

አንድ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ ቁመቱ 11 ሳንቲ ሜትር፣ የአፉ ስፋት 7 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል የሆነ። የመድኃኒት፣ የቀለም ወይም የተባይ ማጥፊያ ጣሳ ፈጽሞ አይሆንም።

ሩብ ኪሎ የሚሆን ደረቅ አሸዋ። አንድ ሆዱ ጎድጎድ ያለ የሻይ ማንኪያ። እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ወፍራም ሽቦ። በአሉሚኒየም ሳህን የተቀመጠች ጠፍጣፋ ትንሽ ሻማ፤ እርስዋ ከታጣች ሁለት ሳንቲ ሜትር የሆነ የሻማ ቁራጭ። ከመሣሪያ በኩል መዶሻ፣ ምስማር፣ ፒንሳ፣ የቆርቆሮ መቀስ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ማስመሪያ ይበቃል።

ስለ ማንኪያው አንድ ምክር አለኝ። የአሉሚኒየም ማንኪያ በፒንሳ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ነገር ግን አሉሚኒየም ሙቀትን ከማይዝገው ብረት ከ10 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ስለሚያሳልፍ እጀታው ያቃጥላል። ስለዚህ የማይዝገው ብረት ይመረጣል። ሁለቱም ቢሆኑ እጀታቸው በወፍራም የጥጥ ክር ጥብቅ ተደርጎ ይጠምጠም። ላስቲክ አትጠምጥሙበት፤ ይቀልጣል።

አሠራሩ

1. ጣሳውን ክዳኑን አውጥታችሁ በሳሙና እጠቡ፤ ወረቀቱንም ላጡ። የአፉ ጠርዝ ስለት ካለው በፒንሳ ጭፍልቅ ጭፍልቅ አድርጉት።

2. ከሥሩ 4 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ላይ መሥመር አስምሩ። ከመሥመሩ በላይ ስፋቱ 5፣ ቁመቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ሳሉና በቆርቆሮ መቀስ ቁረጡ። መቀሱ መግቢያ እንዲያገኝ አስቀድሞ በምስማር መብሳት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ እጃችሁን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉ። የተቆረጠው ጠርዝ እጅ እንዳይቆርጥ በዙሪያው ጥቂት ወደ ውስጥ ታጥፎ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ። ሻማው የሚገባውና ክብሪት የሚለኮሰው በዚህ መስኮት ነው።

3. ከመስኮቱ ትይዩ በሆነው ጎን፣ ከሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ስድስት የአየር ቀዳዳ በምስማር ብሱ። ጣሳው በመዶሻው እንዳይጨፈለቅ በውስጡ ክብ ግንድ አግቡበት። ነበልባል አየር ካላገኘ ይጨሳል።

4. አሁን ከጣሳው አፍ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ አራት ቀዳዳ ብሱ። ሁለቱ በአንድ ጎን፣ ሁለቱ በትይዩው ሆነው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ቀዳዳዎቹ ከመስኮቱ በስተግራና በስተቀኝ እንጂ በመስኮቱ ራስ ላይ አይሁኑ፤ የማንኪያው እጀታ ወደ ጎን ሲሆን መስኮቱ ፊት ለፊታችሁ ይሆናል።

5. ሁለቱን ሽቦዎች ጎን ለጎን አሳልፉ። በአንዱ ወገን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አስተርፋችሁ ወደ ታች እጠፉ፤ በሌላው ወገን 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል። ይህን የተረፈውን ጫፍና ጫፉን አገናኝታችሁ በፒንሳ ጠምዝዙት፤ እንደ ወንጭፍ ባላ ያለ ይሆናል። ጫፉ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ይበል። የማንኪያው ሆድ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል እንደ ታንኳ ይቀመጣል፤ እጀታው በባላው ላይ ያርፋል። ያለ ባላው እጀታው ስለሚከብድ ማንኪያው ይገለበጣል፤ ይህን ክፍል «ምን ያደርጋል» ብሎ መተው አይገባም።

6. አሸዋውን እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ሙሉ። አሸዋው ሦስት ጥቅም አለው፤ ጣሳውን ያከብደዋል፣ ሻማውን ወደ ላይ ያደርሰዋል፣ የሚንጠባጠበውንም ሰም ይቀበላል። ሻማዋ 1 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ፣ ነበልባልዋ 2 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ስለሚሆኑ፣ እስከ ሽቦው ድረስ የሚቀረው ክፍተት 2 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ነው። ሒሳቡ የተደረገው ለዚህ ነው። ሻማው ቢያጥር አሸዋ ጨምሩ፤ ቢረዝም ቀንሱ።

7. ከመጠቀማችሁ በፊት ደጅ አውጥታችሁ፣ ማንኪያ ሳታስቀምጡበት፣ አንድ ሻማ እስኪያልቅ ድረስ አንድዱበት። የጣሳው ውስጠኛ ቅብ ሽታ ይኖረዋልና ያ ሽታ ከቤት ውጭ ያልቅለት።

ሰሙን ማዘጋጀት

በሱቅ የሚሸጥ የማሸጊያ ሰም ያገኘ ሰው በዚያው ይጠቀም። ያላገኘ ግን በአገራችን የሰም ችግር የለበትም። ጠጅ ከተጣለ በኋላ የሚቀረው ሰፈፍ የንብ ሰም ነው። ሰፈፉን በብዙ ውሃ አፍልቶ በጨርቅ ማጥለልና እንዲቀዘቅዝ መተው ነው፤ ሰሙ ከላይ ተንሳፍፎ ይረጋል፤ ቆሻሻው ከሥር ይቀራል። ይህን ሁለትና ሦስት ጊዜ መደጋገም ሰሙን ያጠራዋል። ጧፍ የሚሠሩ እናቶች ይህን ሙያ ከማናችንም ይልቅ ያውቁታልና እነርሱን መጠየቅ ነው።

የንብ ሰም ብቻውን ግን ለስላሳ ነው፤ በሞቃት አገር ማኅተሙ ይደፈጠጣል። ሊያጠነክረው የሚችለው ሮዚን የሚባለው የጥድ ሙጫ ነው፤ ራዲዮ ጠጋኞች ለብየዳ የሚጠቀሙበት ብጫው ማለት ነው። ተማሪዎቼ «ዕጣንስ አይሆንም ወይ?» ብለው ጠይቀው ነበር። አይሆንም። ዕጣን በውስጡ በውሃ የሚሟሟ ሌላ ዓይነት ሙጫ ስላለበት በደንብ አይቀልጥም፤ ያርራል፤ ይጨሳል።

ልኩ እንዲህ ነው፤ የጠራ የንብ ሰም 100 ግራም፣ የተወቀጠ ሮዚን 50 ግራም፣ የላመ ጠመኔ 15 ግራም፣ ለቀለም የተነፋ ቀይ አፈር 10 ግራም። ደማቅ ቀይ የፈለገ በአፈሩ ፈንታ የልጆች የሰም ቀለም ቁራጭ ይጨምርበት።

ሰሙን በአንድ ጣሳ አድርጋችሁ ጣሳውን በሚፈላ ውሃ ድስት ውስጥ አስቀምጡት፤ በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ። የንብ ሰም በ62 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ ይጀምራል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ሰሙ ከዚያ በላይ ሊሞቅ አይችልም፤ ይህም ከቃጠሎ ይጠብቀናል። ሰሙ ሲቀልጥ ሮዚኑን ጥቂት በጥቂት እየነሰነሳችሁ በእንጨት አማስሉ። ቀስ ብሎ ነው የሚዋሐደው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። በመጨረሻ ጠመኔውንና ቀለሙን ጨምሩ። ከዚያ በረጠበ ሳህን ላይ ስስ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ ሳይደርቅ በቢላዋ ሽምብራ ሽምብራ እያደረጋችሁ ቁረጡት። የሮዚን ጭስ ሳንባ ስለሚቆጣ መስኮት ይከፈት፤ አስም ያለበት ሰው ይራቅ።

ማተም

በመጀመሪያ ደብዳቤውን እንጠፍ። ፖስታ ቢኖር መልካም ነው፤ ቢታጣም እንደ ጥንቱ ወረቀቱ ራሱ ይበቃል። የወረቀቱን ግራና ቀኝ ወደ መካከል እጠፉ፤ ከዚያ ላይና ታቹን በሲሶ በሲሶ አጥፋችሁ አንዱን ጫፍ በሌላው ሽፋን ውስጥ ሰንቅሩ። ሰሙ የሚያርፈው በዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው፤ ግማሹ በላይኛው፣ ግማሹ በታችኛው ወረቀት ላይ መሆን አለበት። በአንዱ ላይ ብቻ ያረፈ ሰም ጌጥ ነው እንጂ ማሸጊያ አይሆንም።

ሻማውን ለኩሱ፤ አራት የሽምብራ ያህል ሰም በማንኪያው አድርጉ። ይህ የሻይ ማንኪያ ሲሶ ገደማ ነው። ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ውስጥ ይቀልጣል። ጭስ ከጀመረው በዝቶበታልና ፈጥናችሁ አንሡት። ይህ በእንዲህ እንዳለ ማኅተሙን በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ብረት ሰም አይይዘውም።

ሰሙን በአንድ ጊዜ፣ ማንኪያውን ወደ ወረቀቱ አቅርባችሁ አፍስሱ። 10 ያህል ቍጠሩ፤ ዳር ዳሩ ማደብዘዝ ሲጀምር ማኅተሙን ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉ፤ አትጫኑት፤ አታንቀሳቅሱትም። ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ራሱ ይለቅቃል። ፈጥኖ የታተመ ሰም ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፤ ዘግይቶ የታተመ ደግሞ መልኩ አይወጣም። ወረቀቱ ስስ ከሆነ የሰሙ ቅባት ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ስለዚህ ወፈር ያለ ወረቀት ይመረጣል።

ማኅተም የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ፊቱ ጎልቶ የተቀረጸ የልብስ ቁልፍ ይበቃዋል። የራሱን ስም የፈለገ ወርቅና ብር ሠሪ ዘንድ ሄዶ ያስቀርጽ፤ ወይም በለስላሳ ድንጋይ ላይ በመርፌ ወረንጦ ራሱ ይቅረጽ። ፊደሉ በመስተዋት እንደሚታየው ተገልብጦ መቀረጽ እንዳለበት ግን አይዘንጋ። ስማቸው በ«ተ» ወይም በ«ጠ» የሚጀምር ዕድለኞች ናቸው፤ ፊደላቸው ቢገለበጥም ብዙ አይለወጥም።

በፖስታ ቤት በኩል ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ፣ የታተመውን ደብዳቤ በሌላ ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ላኩ። በባዕድ አገር ደብዳቤ የሚደረድረው ማሽን ስለ ሆነ ጎልቶ የወጣውን ሰም ይሰባብረዋል።

ጥንቃቄ

የቀለጠ ሰም ከፈላ ውሃ የከፋ ጠባይ አለው፤ ውሃ ይፈስሳል፣ ሰም ግን ቆዳ ላይ ተጣብቆ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ሰም የነካው ሰው ወዲያው ቀዝቃዛ የሚወርድ ውሃ ውስጥ እጁን ለ20 ደቂቃ ያቆይ። የተጣበቀውን ሰም በግድ አይላጥ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናና ቡሖ መቀባት ቁስሉን ያብሳል እንጂ አይጠቅምም። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም ቆዳው ከተላጠ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ሰም ቢነድ ውሃ አትድፉበት፤ የሚነደው ሰም ተረጭቶ እሳቱን ያሰፋዋል። ከመጀመሪያው አንድ የሸክላ ወይም የብረት ሳህን አጠገባችሁ ይኑር፤ ከላይ ስትደፉበት አየር አጥቶ ይጠፋል። መጋረጃ አጠገብ፣ ነፋስ ባለበት ወይም ሕፃናት በሚሯሯጡበት ቤት አትሥሩ። ጣሳውም ሥራው ካለቀ በኋላ ለረጅም ጊዜ እንደ ጋለ ይቆያልና አትንኩት።

ማኅተሙ ምን ይነግረናል?

አሁን እውነቱን መነጋገር ይገባናል። በሰም የታሸገ ደብዳቤ አይከፈትም የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በ18ኛው መቶ ዓመት በቪየና ከተማ መንግሥት የሌላውን ደብዳቤ በሥውር የሚከፍት፣ የሚገለብጥና መልሶ የሚያትም መሥሪያ ቤት ነበረው። በጋለ ስለት ማኅተምን ማንሣት፣ በማስመሰያም መልሶ ማተም የሚችሉ ብልሆች ዛሬም አይጠፉም። ሰም ቁልፍ አይደለም፤ ምስክር ነው። ደብዳቤውን የሚይዘውን ሰው ጉጉት አያስቀርለትም፤ ነገር ግን «ከከፈትህ ይታወቃል» ብሎ ያስጠነቅቀዋል። አብዛኛው ሰው ደግሞ ክፉ ሆኖ ሳይሆን የሚያየው ሰው እንደሌለ ስለሚያስብ ነው የሌላውን ነገር የሚከፍተው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጹ ማንም ሰው የሚጽፈውና በፖስታ የሚልከው ደብዳቤ እንዳይደፈር መብት ሰጥቶታል። ይህ መብት ለሹምና ለነጋዴ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ስምዋን መጻፍ የማትችል እናት ለልጅዋ የምታጽፈው ቃልም በዚያው አንቀጽ ውስጥ ነው። ሕጉ ወረቀት ላይ አለ፤ በየመንገዱ ግን ዘበኛ ሊያቆም አይችልም። ስለዚህ ላኪው ራሱ ጥቂት ሊደክምለት ይገባል።

በክበባችን የተሠሩት አራት ማቅለጫዎች በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ጧት እናቶች ይመጣሉ፤ ተማሪው የነገሩትን ይጽፋል፤ አንብቦ ያሰማቸዋል፤ በፊታቸው አጥፎ ያትማል። ማኅተሙ የተለየ ጌጥ የለውም፤ አንዳንዶቹ የራሳቸውን የልብስ ቁልፍ፣ አንዳንዶቹ የአንገት መስቀላቸውን ጫፍ ያሳርፉበታል። አንዲት እናት የጣትዋን ቀለበት አውልቃ አተመችበት፤ «ይህን ካየች የእኔ እጅ መሆኑን ታውቃለች» አለች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት በገዛ ምልክትዋ ደብዳቤዋን ፈርማ ላከች ማለት ነው። መልሱም በወሩ መጣ፤ ልጅቱ በስልክ የደወለችው «ማኅተሙ ሳይነካ ደርሶኛል» ለማለት ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ጣሳው በየጓዳችን አለ፤ ሽቦውና አሸዋውም እንዲሁ። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። በሠፈራችሁ ደብዳቤ የሚያጽፉ አረጋውያን ካሉ አንድ ሠርታችሁ ስጡአቸው፤ ለልጆቻችሁም አሠራሩን አሳዩአቸው። ከሁሉ በላይ ግን ይህን ሳታስተምሩአቸው አትቅሩ፤ ስማቸው ያልተጻፈበት ደብዳቤ እጃቸው ቢገባ፣ ሰም ቢኖርበትም ባይኖርበትም፣ እንደ ታሸገ ቆጥረው ለባለቤቱ ያድርሱት።